በብረት ክኒን ስላልተሻለ የደም ማነስ

የፊት መገርጣት፥ ዳገት ሲወጡ የትንፋሽ ማጠርና የልብ ትርታ መብዛት የደም ማነስ ምልክቶች መሆናቸውን የኮልፌ ቀራንዮ መምህራንና ነዋሪዎች ያውቃሉ። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የብረት ማዕድን ጕድለት ስለ ሆነ፥ በክኒንና በተስማሚ ምግብ ይድናል። ነገር ግን ክኒኑን በሥርዓት ወስዶ ያልተሻለውን ሰው «በደንብ ብላ» ብሎ ማሰናበት አይገባም። ከእንደዚህ ያሉት ሕመምተኞች የጥቂቶቹ በሽታ ሥሩ በደረት ውስጥ ተሸሽጎ ይገኛልና።

ታይመስ የሚባለው እጢ ከደረት አጥንት በስተኋላ ይገኛል። በልጅነት ጊዜ ትልቅ ሆኖ፥ ከጉርምስና በኋላ እየሟሸሸ ይሄዳል። ዣክ ሚለር የተባሉ ተመራማሪ በ1961 (እ.ኤ.አ.) ሰውነት ተውሳክን ለመከላከል ይህ እጢ እንደሚያስፈልገው አስረዱ። እጢው ለአንዳንድ ነጭ የደም ሕዋሳት ትምህርት ቤታቸው ነው፤ ወገንን ከባዕድ መለየት የሚማሩት በዚያ ነው።

በዚህ እጢ ላይ ዕባጭ ሲበቅል ትምህርቱ ይበላሻል። ይህም ብርቅ በሽታ ሲሆን፥ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 60 ዓመት ባለው ዕድሜ ይታያል። በቅጡ ያልሠለጠኑት ሕዋሳት የገዛ አካላቸውን ይወጋሉ። ከሕመምተኞቹ ሢሶ ያህሉ የጡንቻ መዛልና የዐይን ቆብ መውደቅ ያገኛቸዋል። ከመቶው አምስት ወይም ከዚያ የሚያንሱት ግን ቀይ የደም ሕዋስ በአጥንት መቅኒያቸው ውስጥ መፈጠሩን ያቆማል። ቀይ ሕዋስ 120 ቀን ያህል ስለሚኖር፥ ሕመሙ የሚገባው ቀስ በቀስ ነው። በሌሎች ዘንድ ደግሞ ተውሳክን የሚከላከሉት የደም ፕሮቲኖች አንሰው የሳንባ ምች ይመላለስባቸዋል፤ ይህንም አሜሪካዊው ሐኪም ሮበርት ጉድ በ1954 (እ.ኤ.አ.) ገልጠዋል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች፥ የጤነኛ ነዋሪዋ ቀይ ሕዋስ ከቆላው ሰው ጥቂት መብለጥ አለበት። ስለዚህ ለቆላ በቂ የሆነው ልክ ለኮልፌ ሰው ሊያንስ ይችላል።

እንግዲህ ክኒኑን አንድ ወር ያህል ወስዶ ያልተሻለው ሰው ወደ ጤና ጣቢያው ይመለስ። ሐኪሙ ለጋ ቀይ ሕዋሳትን ያስቆጥራል፤ እጅግ ተመናምነው ከተገኙ፥ የመቅኒና የደረት ሲቲ ስካን ምርመራ ወደሚደረግበት ሆስፒታል ይልከዋል። ዕባጩ ከተገኘ በቀዶ ጥገና ይወጣል። ይህ ብቻውን ደሙን ሁልጊዜ ስለማይመልስ፥ የሕዋሳቱን ጥቃት የሚያበርዱ እንደ ሳይክሎስፖሪን ያሉ መድኃኒቶች ይታዘዛሉ፤ እስኪሻለውም ደም ይሰጠዋል።

መምህራን ሆይ፥ የገረጣና የደከመ ባልደረባ ወይም ወላጅ ብታዩ «ክኒኑ ረዳህን?» ብላችሁ ጠይቁ። «አልረዳኝም» ካለ ሳይውል ሳያድር እንዲመለስ ምከሩት።