«እናሳርፋቸው» ስንል እንዳያርፉብን!

ዛሬ ስለ ፍቅር ጣጣ ሳይሆን ስለ አያቴ ዳሌ ላጫውታችሁ ነው። «ደግሞ የአሮጊት ወሬ!» ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት። ነግ በኔ ነው፤ ቤታችሁ እናት ወይም አያት ካለች ጉዳዩ የናንተም ነው።

አያቴ ደጃፍ ላይ አዳልጧቸው ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ። ኦፕራሲዮን ተደርገው የተሰበረው የአጥንት ጫፍ በብረት ተተካላቸው። እፎይ ብለን ሳንጨርስ በማግስቱ ጠዋት ፊዚዮቴራፒስቷ ዎከር ይዛ ከች አለች። «እማማ፣ ዛሬ እንቆማለን!» ስትል ደሜ ፈላ። «ትናንት ኦፕራሲዮን የሆኑ አሮጊት ዛሬ ቁሙ ይባላሉ? ምን ዓይነት ጭካኔ ነው!» ብዬ ጮህኩባት። ጠያቂውም «ተያቸው እንጂ፣ ይረፉበት!» እያለ አገዘኝ። ልጅቷ ወጣች። ያሸነፍኩ መሰለኝ።

አልተቀየመችኝም። ኮሪደር ላይ ጠርታ ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። ለካ ሰው አልጋ ላይ ሲውል እግሩ ውስጥ ደም ይረጋል፤ የረጋው ተነቅሎ ሳንባ ከገባ ድንገት ይገድላል። የሳንባ ምች አለ፤ የጀርባ ቁስል አለ፤ ጡንቻውም በቀናት ውስጥ ይሟሽሻል። «አጥንቱ ድኖ ሰውዬው አልጋ ላይ ይቀራል» አለችኝ። እንግሊዞች በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጡት የሕክምና መመሪያ፣ የሚከለክል ችግር ከሌለ በሽተኛው በማግስቱ ይነሳ ይላል። አፈርኩ።

በሦስተኛው ቀን እኔው ራሴ ደግፌ አስነሳኋቸው። ማስታገሻው ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ተሰጣቸው። መጀመሪያ ተኝተው ቁርጭምጭሚታቸውን ወደ ላይ ወደ ታች አንቀሳቀሱ፤ ቀጥሎ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ፤ ከዚያ ዎከሩን ይዘው ቆሙ። ሦስት እርምጃ! አያቴ አለቀሱ፤ እኔም ፊቴን አዞርኩ።

ቤት ስንገባ ሌላ ፈተና መጣ። እንደሳቸው መገጣጠሚያው ለተተካለት ሰው ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ አጭር በርጩማ፣ ቁጢጥ ማለት፣ እግር ማነባበርና ስግደት ብዙ ጊዜ ይከለከላል፤ ብረቱ ከቦታው ሊወጣ ይችላላ! ወንበሩን በትራስ ከፍ አደረግንላቸው። አንዷ ጎረቤት «ወጌሻ ይሽልዎት» ብትል በፍጹም አልን። የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ደግሞ እንዲህ ተማሩት፦ ሲወጡ ደህናው እግር ይቀድማል፤ ሲወርዱ የታመመው።

ወገኖቼ፣ እናንተም በግምት አታስነሱ። እግሩ ምን ያህል ክብደት እንደሚችል የሚናገረው ኦፕራሲዮን ያደረገው ሐኪም ነው፤ ሳትጠይቁ ከሆስፒታል እንዳትወጡ። ባት ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ከወጋ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ቁስሉ ካዥ «ነገ እናያለን» ማለት የለም፤ በቀጥታ ሆስፒታል!

አሁን አያቴ ከዘራቸውን ይዘው ጎረቤት ቡና ሊጠጡ ይሄዳሉ። ሲያልፉ ከዘራውን ወደኔ ቀስረው «አንተ ልጅ፣ አልጋ ላይ ልታስቀረኝ ነበር እኮ!» ይሉኛል። መልስ የለኝም። ስለምወዳቸው ነበር የከለከልኳቸው።