ግብር የማይከፍል ሰው ግብር ሲቀነስለት

እስቲ ተሰብሰቡና ስሙኝ! ሰሞኑን ሳወጣ ሳወርደው የነበረ ነገር አሁን ፍንትው ብሎ ታየኝ፤ ለእናንተ ሳልነግር እንቅልፍ አይወስደኝም።

አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሠራተኛ የጤና መድን የሚያገኘው በአሠሪው በኩል ነው። ፋብሪካው ሲዘጋ ደመወዙም መድኑም አብረው ይሄዳሉ። «ኮብራ» በሚባለው ሕግ የቀድሞውን መድን ለተወሰነ ጊዜ ይዞ መቆየት ይቻላል፤ ግን አሠሪው ይከፍል የነበረው ድርሻም በሠራተኛው ትከሻ ላይ ይወድቃል። ያውም ደመወዝ በሌለበት!

እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ሕግ ታዲያ አንድ መላ አመጣ። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ገበያውን ወስዶባቸው ሥራ ያጡና የመንግሥት ድጋፍ የሚያገኙ ሠራተኞች፣ እንዲሁም የከሰረ ኩባንያቸውን ጡረታ የፌዴራሉ የጡረታ ዋስትና ድርጅት የተረከበላቸው፣ 55 ዓመት የሞላቸው ሰዎች ከመድን ክፍያቸው 65 በመቶው በግብር ቅናሽ ተሸፈነላቸው። ድርሻው ለጥቂት ጊዜ 80 ደረሰ፤ በኋላ 72.5 በመቶ ላይ ረጋ።

ሥራ የሌለው ሰው ምን ግብር አለውና ይቀነስለታል? እኔም እዚህ ላይ ተይዤ ነበር። ለካ ቅናሹ ተመላሽ ነበር! የሚከፍለው ግብር ዜሮ ቢሆን እንኳ ገንዘቡ ለእሱ ይወጣ ነበር።

ግን የግብር ሂሳብ የሚዘጋው በዓመት አንዴ ነው፤ መድኑ የሚጠይቀው በየወሩ። እስከዚያ ከየት ያምጣ? ዋናው ብልሃት ይሄው! የወሩ ክፍያ 1,000 ዶላር ነው እንበል። ሰውየው 275 ዶላር ለግብር መሥሪያ ቤቱ ይልክ ነበር፤ መሥሪያ ቤቱ 725 ጨምሮ ሙሉውን ለመድን ድርጅቱ ያስገባ ነበር። የቤት ኪራይ ያቃተው ወንድሟ ያለውን ሲሰጣት፣ የጎደለውን ሞልታ ለአከራዩ የምታደርስ እህት ማለት ነው። አከራዩ የሚያየው የሞላ ኪራይ ብቻ ነው።

ገባችሁ አይደል? ገንዘቡ መመለሱ ብቻ አይበቃም፤ ሰውየውን የሚያድነው በሰዓቱ መድረሱ ነው!

ይህ ፕሮግራም በ2013 መጨረሻ ተቋርጦ በ2015 በወጣ ሕግ ተመለሰ፤ በ2021 መጨረሻ ግን አበቃ። መታደስ ነበረበት ባይ ነኝ። ደግነቱ «ኦባማኬር» በሚባለው የጤና መድን ሕግ የሚሰጠው የግብር ቅናሽም እንዲሁ ተመላሽ ነው፤ በየወሩም ቀጥታ ለመድን ድርጅቱ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ አሜሪካ ያለ ዘመዳችሁ ከሥራው ጋር መድኑንም ካጣ ዛሬውኑ ደውሉለት፦ በዚሁ ሕግ በተዘጋጀው የመድን ገበያ ለመመዝገብ ያለው ጊዜ 60 ቀን ነው።