ሞንትሪያል አሉዌትስ

ሞንትሪያል አሉዌትስ በካናዳ፣ ኬቤክ ክፍለ ሀገር፣ ሞንትሪያል ከተማ የሚገኝ የካናዳ ፉትቦል ቡድን ነው። በካናዳ ፉትቦል ሊግ ምሥራቅ ዲቪዚዮን ይጫወታል። የካናዳ ፉትቦል ከእግር ኳስ የተለየና የአሜሪካ ፉትቦልን የሚመስል ስፖርት ሲሆን፣ በየወገኑ 12 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። «አሉዌት» በፈረንሳይኛ የአንዲት ትንሽ ዘማሪ ወፍ ስም ነው።

አመሠራረትና የመጀመሪያ ስታዲየሞች

ቡድኑ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። በመጀመሪያ ዴሎሪሚየር በተባለ የቤዝቦል ስታዲየም ይጫወት ነበር። በዚያው ዓመት ታዋቂው ጥቁር አሜሪካዊ የቤዝቦል ተጫዋች ጃኪ ሮቢንሰን ለሞንትሪያል ሮያልስ የተጫወተው እዚሁ ነበር። አሉዌትስ በ1949 ካልጋሪን 28 ለ 15 አሸንፎ የሊጉን ዋንጫ፣ ግሬይ ካፕን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወሰደ።

በ1954 ቡድኑ ወደ ማክጊል ዩኒቨርሲቲው ሞልሰን ስታዲየም ተዛወረ። በሞን ሮያል ተራራ ግርጌ የሚገኘው ይህ ስታዲየም የተከፈተው በ1915 ነው። ስሙን ያገኘው በአንደኛው የዓለም ጦርነት በ1917 ከሞተው ከቀድሞው የዩኒቨርሲቲው ስፖርተኛ ከፐርሲቫል ሞልሰን ነው። በ1968 ቡድኑ ለ1967ቱ የዓለም ኤግዚቢሽን ወደ ተሠራው ኦቶስታድ ሄደ፤ በ1972 ግን ለአንድ የውድድር ዘመን ወደ ሞልሰን ተመልሶ ነበር።

ኦሎምፒክ ስታዲየም

በ1976 አሉዌትስ ወደ ኦሎምፒክ ስታዲየም ገባ። ስታዲየሙ የተሠራው ኢትዮጵያን ጨምሮ ብዙ የአፍሪካ አገሮች ላልተሳተፉበት ለ1976ቱ ኦሎምፒክ ነበር። በ1977 የግሬይ ካፕ ፍጻሜ እዚያው ሲካሄድ 68,318 ተመልካች ተገኘ። በረዶውን ለማቅለጥ የተበተነው ጨው ውሃ አደረገውና ውሃው ተመልሶ ስለ ረጋ ሜዳው ያንሸራትት ነበር። የአሉዌትስ ተጫዋቾች በጫማቸው ሶል ላይ የስቴፕለር ሽቦ መትተው በመግባት ኤድመንተንን 41 ለ 6 አሸነፉ።

መፍረስና መመለስ

በ1981 የቡድኑ ባለቤት ውድ ተጫዋቾችን ከአሜሪካ ቢያስመጣም ውጤት አልተገኘም። በ1982 ቡድኑ ከሰረ፤ ኮንኮርድስ የተባለ አዲስ ቡድንም ተተካ። ይህ ቡድን በ1986 አሉዌትስ የሚለውን ስም መልሶ ቢይዝም በ1987 የውድድር ዘመኑ ሊጀመር ሲል ፈረሰ። ሞንትሪያልም እስከ 1996 ድረስ ያለ ቡድን ቆየች።

በ1995 ግሬይ ካፕን ያሸነፈው የአሜሪካው ባልቲሞር ስታሊየንስ፣ የአሜሪካ ብሔራዊ ሊግ ቡድን ወደ ባልቲሞር እንደሚመጣ በመታወቁ ከተማውን ለቀቀ። በ1996 ወደ ሞንትሪያል መጥቶ የአሉዌትስን ስም ያዘ። ሆኖም በግዙፉ ኦሎምፒክ ስታዲየም አብዛኛው ወንበር ባዶ ስለነበር የቡድኑ ህልውና እንደገና አጠራጣሪ ሆነ።

ለውጡ የመጣው በአጋጣሚ ነው። በ1997 የጥሎ ማለፍ ጨዋታ በደረሰበት ቀን ኦሎምፒክ ስታዲየም ለዩቱ የሙዚቃ ባንድ ኮንሰርት ተይዞ ስለነበር ጨዋታው ወደ ሞልሰን ተወሰደ። አሮጌው ስታዲየም በተመልካች ሞላ፤ ቡድኑም ከ1998 ጀምሮ መቀመጫውን እዚያው አደረገ። ተመልካች ለሚበዛባቸው የጥሎ ማለፍ ጨዋታዎች ግን ለዓመታት ኦሎምፒክ ስታዲየምን ይጠቀም ነበር። በ2010 ሞልሰን ተስፋፍቶ የሚይዘው ሰው ከ20,000 ወደ 25,000 ገደማ ከፍ አለ።

የግሬይ ካፕ ድሎች

1949፣ 1970፣ 1974፣ 1977፣ 2002፣ 2009፣ 2010 እና 2023።