«ላረጀ ሰው እንቅልፍ ምን ያደርግለታል?»

በነቀምቴም ሆነ በኑኑ ቁምባ የገጠር ቀበሌዎች፣ አያት ዶሮ ሳይጮህ ተነስተው እሳት ያያይዛሉ፤ የልጅ ልጃቸው ፀሐይ ወጥታም ከብርድ ልብሱ አይወጣም። የቤተሰቡ ፍርድ ፈጣን ነው፦ አያት እንቅልፍ አያሻቸውም፣ ልጁ ሰነፍ ነው። ሁለቱም ላይ ያለ አግባብ ተፈርዷል።

ተረት፦ ሰው ሲያረጅ እንቅልፍ አያስፈልገውም።

እውነታ፦ ከ18 እስከ 64 ዓመት ላለ ሰው ከ7 እስከ 9 ሰዓት፣ ከ65 በላይ ለሆነው ደግሞ ከ7 እስከ 8 ሰዓት እንቅልፍ ይመከራል። ልዩነቱ ትንሽ ነው። በዕድሜ በጣም የሚቀንሰው ጥልቁ እንቅልፍ ነው፤ መቀነስ የሚጀምረውም ከሽምግልና ብዙ ዓመት ቀድሞ ነው። ስለዚህ ወጣቱ የማይሰማው ኮሽታ አዛውንቱን ያነቃል። የሰውነት ሰዓትም ይቀድማል። ከምሽቱ 2 ሰዓት የተኙ እናት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ቢነቁ 7 ሰዓት ተኩል ተኝተዋል ማለት ነው። «እንቅልፍ አጣሁ» ከማለት በፊት ይህን መቁጠር ይገባል።

ተረት፦ አርፍዶ የሚነሳ ወጣት ሰነፍ ነው።

እውነታ፦ በጉርምስናና በ20ዎቹ መጀመሪያ እንቅልፍ የሚጠራው ሜላቶኒን የተባለ ሆርሞን ዘግይቶ ይመነጫል። ስልኩ ደግሞ የበለጠ ያዘገየዋል።

ተረት፦ ቡና ለለመደው ሰው እንቅልፍ አይነሳም።

እውነታ፦ በቡና አገር በወለጋ ይህን መናገር ይከብዳል፤ ግን መነገር አለበት። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ከሰውነት በግማሽ ለመቀነስ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ከቀኑ 11 ሰዓት ከተጠጣው በረካ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ግማሹ አለ። ጠጪው እንቅልፍ ቢወስደው እንኳ ጥልቁ እንቅልፍ ይጎድልበታል፤ ያንን ደግሞ አዛውንቱ ድሮም የሚያገኙት በጥቂቱ ነው። ቡናው ይጠጣ፣ ግን ጠዋት ይሁን። አረቄም መጀመሪያ ያስተኛል፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግን ይቀሰቅሳል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዛ የእንቅልፍ ክኒን ከሁሉም የከፋ ነው፤ አዛውንትን ያደናግራል፣ ሌሊት ሲነሱ ይጥላቸዋል።

ከሁሉም የምፈራው «ዕድሜ ነው» የሚለውን ቃል ነው። እንቅልፍ መቅለሉ የዕድሜ ነው፤ ቀኑን ሙሉ መድከም ግን አይደለም። እያንኮራፉ ትንፋሽ የሚቋረጥባቸው፣ ለሽንት ደጋግመው የሚነሱ፣ ከሐዘን በኋላ እንቅልፍ የራቃቸው ወላጅ ካሉዎት ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዷቸው። ሐኪሙ ስለ እንቅልፋቸው ባይጠይቅ እንኳ እርስዎ ይንገሩት።