ከ1986 ወዲህ ያልተነካች አንዲት ቀን

ስለ ኢሚግሬሽን በጻፍኩ ቁጥር ከሥር የሚመጣልኝ አስተያየት አንድ ዓይነት ነው፦ «እኛ ተራችንን ጠብቀን በሕግ ነው የገባነው። እነሱስ ለምን ተራቸውን አይጠብቁም?» ይህን የሚጽፉት ክፉ ሰዎች አይደሉም። አብዛኞቹ በዲቪ ወይም በቤተሰብ የመጡ፣ ሁለት ሥራ እየሠሩ ልጆች ያሳደጉ ወገኖቼ ናቸው። ስለዚህ ጥያቄው መልስ ይገባዋል፤ ዛሬ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ። (ዓመቶቹ ሌላ ካልጠቀስኩ በቀር በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

አሜሪካ ውስጥ ወረቀት ሳይኖረው ለሚኖር ለአብዛኛው ሰው የሚጠበቅ ተራ የለም። ተራ የሚይዘው የሚያመለክትለት የቅርብ ዘመድ ወይም ቀጣሪ ያለው ነው። ዲቪ ዕጣ ነው፤ ስንቱ በየዓመቱ ሞልቶ ሳይደርሰው ቀርቷል። ጥገኝነት ደግሞ ከተገባበት ቀን አንሥቶ በአንድ ዓመት ውስጥ መጠየቅ አለበት፤ ካለፈ ጠባብ የሆኑ ምክንያቶች ካልተገኙ በቀር በሩ ይዘጋል።

ይህ የአንድ ዓመት ገደብ የመጣው ቢል ክሊንተን በ1996 በፈረሙት ሕግ ነው። ያው ሕግ ሌላም ነገር ይዟል፦ ከ180 ቀን በላይ ያለ ፈቃድ ቆይቶ ከአሜሪካ የወጣ 3 ዓመት፣ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ ደግሞ 10 ዓመት እንዳይመለስ ይከለከላል። አሁን ከኢኳዶር ተነሥቶ፣ የዳሪየንን ጫካ በእግሩ አቋርጦ፣ በሜክሲኮ ድንበር ሳይፈተሽ የገባ አንድ ወጣት አስቡ። ዓመታት አለፉ፤ ዜግነት ያላትን አገባ፣ ወለደ። ትዳሩ እውነተኛ ነው፣ ሚስቱም ታመለክትለታለች። ነገር ግን ሳይፈተሽ ስለገባ በአብዛኛው እዚሁ ሆኖ ግሪን ካርድ ማግኘት አይችልም፤ ወጥቶ በኤምባሲ በኩል መጨረስ አለበት። በወጣባት ዕለት የ10 ዓመቱ ክልከላ ይጀምራል። ክልከላው እንዲነሣለት መጠየቅ ይችላል፤ እሱ ባይመለስ ሚስቱ ከባድ መከራ እንደሚደርስባት ማስረዳት ግን ግዴታው ነው፤ ጥበቃውም ዓመታት ይወስዳል። ብዙዎች ይህን ሲሰሙ እዚያው ጨለማ ውስጥ መኖርን ይመርጣሉ። እኔ አልፈርድባቸውም።

አልፎ አልፎ ጠበቃ ዘንድ ለሚሄዱ ወገኖች አስተረጉማለሁ። አንዲት እናት ትዝ ትለኛለች። በጉብኝት ቪዛ ገብታ የቀረች ናት፤ የጥገኝነቱ አንድ ዓመት ማንም ሳይነግራት አልፏል። ጠበቃው መዝገቧን አገላብጦ፣ እዚህ የተወለደው ልጇ 21 ዓመት ሲሞላው ሊያመለክትላት እንደሚችል ነገራት። ልጁ 12 ዓመቱ ነበር። የእሷ ተራ የልጇ ልደት ነው ማለት ነው፤ እስከዚያ ድረስ በሥራ ቦታ ወይም በመንገድ ላይ ካልተያዘች።

ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ለእንደዚህ ዓይነት ሰዎች የተሠራ በር በሕጉ ውስጥ ከ1929 ጀምሮ መኖሩን ነው። ሬጂስትሪ ይባላል። ከተወሰነ ቀን በፊት ገብቶ ሳያቋርጥ የኖረ፣ መልካም ጠባይ ያለው፣ ከባድ ወንጀል የሌለበት ሰው ያለ ዘመድና ያለ ቀጣሪ ግሪን ካርድ እንዲያመለክት ይፈቅዳል። ሐሳቡ ሰው ሥር ከሰደደ በኋላ መንቀል ለአገሪቱም እንደማይጠቅማት መቀበል ነው። ኮንግረሱ ቀኑን በየጊዜው ሲገፋው ኖሯል፦ መጀመሪያ 1921 ነበር፣ ከዚያ 1924፣ ቀጥሎ 1940፣ ቀጥሎ 1948። በ1986 ወደ ጃንዋሪ 1 ቀን 1972 አሻገሩት። ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም።

ይህች ቀን በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 22 ቀን 1964 ዓ.ም. ናት። ንጉሡ ገና ዙፋን ላይ ናቸው፤ አብዮቱ ሊፈነዳ ሁለት ዓመት ይቀረዋል። በቀይ ሽብር ሸሽቶ በሱዳን በኩል የመጣው፣ በኢሕአዴግ ዘመን የመጣው፣ ከሰሜኑ ጦርነት በኋላ የመጣው፣ ሁሉም ከዚያች ቀን በኋላ የገባ ነው። ዛሬ በዚህ በር ለመግባት ከ50 ዓመት በላይ በአሜሪካ የኖረ ሰው መሆን ያስፈልጋል። ሕጉ አልተሻረም፤ ቀኑን ብቻ ረስተው ከጥቅም ውጭ አደረጉት። እኔን የሚያበሳጨኝ ይህ ነው።

«ምሕረት ከተደረገ ሌላው ይጎርፋል» የሚል ተቃውሞ አለ፤ ባዶ ወሬም አይደለም። ሮናልድ ሬገን በ1986 በፈረሙት ሕግ ወደ 2.7 ሚሊዮን ሰው ወረቀት አገኘ፣ ከዓመታት በኋላ ግን ወረቀት የሌለው ሰው ቁጥር ከቀድሞው በልጦ ተገኘ። እኔ ከዚያ የምማረው ሌላ ነው። በሩ አንዴ ተከፍቶ ተዘጋ፤ በማግስቱ የመጣው ሠራተኛ፣ ሥራው እየፈለገው፣ የሚገባበት ሕጋዊ መንገድ አልተሰናዳለትም። ለዚህ ነው ቀኑ በየዓመቱ ራሱ ወደፊት እንዲሄድ የሚጠይቀው ሐሳብ የሚሻለኝ። የካሊፎርኒያዋ የምክር ቤት አባል ዞዪ ሎፍግሬን በ2022 ያቀረቡት ረቂቅ 7 ዓመት የኖረ ሰው እንዲያመለክት የሚል ነበር። አላለፈም። ከዚያ በፊት በ2013 ሰፊ ማሻሻያ በሴኔቱ 68 ለ32 አልፎ፣ የተወካዮች ምክር ቤቱ ለድምፅ እንኳ ሳያቀርበው ቀርቷል።

ሕግ ይከበር የሚለውን አልቃወምም። ማንም አገር ድንበሩን ይጠብቃል፤ ሰው የጎዳ ወንጀለኛ ቢባረር አላዝንም። ግን ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ ተመልከቱ። በጁላይ 2025 የጸደቀው ሕግ ለማሰሪያ ቦታዎች ብቻ 45 ቢሊዮን ዶላር ገደማ መድቧል። በዚያው ሕግ ውስጥ ከኖቬምበር 2028 ጀምሮ የኢሚግሬሽን ዳኞች ቁጥር ከ800 እንዳይበልጥ ተደንግጓል። ፍርድ ቤቶቹ ከ3 ሚሊዮን በላይ መዝገብ ተከምሮባቸዋል፤ በዚያ ችሎት ለሚቆም ሰው መንግሥት ጠበቃ አያቆምለትም። የሚያስሩት ሲበዙ የሚዳኙት ከተገደቡ፣ ሰው ጉዳዩ ሳይሰማለት ታስሮ ይቆያል፤ እስሩ የሰለቸውም ሊያሸንፍ የሚችለውን ጉዳይ ጥሎ «መልሱኝ» ብሎ ይፈርማል።

ዜግነት ያላችሁ የምክር ቤት ተወካያችሁን አንድ ነገር ጠይቁልኝ፦ የሬጂስትሪውን ቀን ለማንቀሳቀስ ድምፅ ይሰጣሉ ወይስ አይሰጡም? በሲልቨር ስፕሪንግም በሚኒያፖሊስም ድምፃችን የሚቆጠርበት ወረዳ አለ። ወረቀት የሌላችሁ ደግሞ የቤት ኪራይ ውላችሁን፣ የታክስ ወረቀታችሁን፣ የልጆቻችሁን የትምህርት ቤት ደብዳቤና የክሊኒክ ካርዳችሁን በየዓመቱ ለይታችሁ አስቀምጡ። የሬጂስትሪው ቀን አንድ ጊዜ ቢንቀሳቀስ የሚጠየቀው ከመቼ ጀምሮ እንደኖራችሁ የሚያሳይ ማስረጃ ነው። «አዲሱ ሕግ ወጥቷል፣ ልሙላልህ» ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቃችሁ ሰው ደግሞ አትክፈሉ፤ አልወጣም።