ለጥምቀት የሚሆን ቀሚስ በልክ ይሰፋ

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው የአበው ብሂል ጥር በባተ ቁጥር ከሰው አፍ አይጠፋም። ብሂሉ ሕዝበ ክርስቲያኑ ለበዓለ ጥምቀት የሚሰጠውን ክብር ያመለክታል። ከሣጥን ተጠብቆ የኖረው ነጭ ልብስ የሚወጣው ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕር ለሚወርዱበት ለጥር 10 ከተራና ለማግሥቱ ጥር 11 ነውና።

ይሁን እንጂ ይህ ብሂል እንደ ወቀሳ የሚሰማቸው ወገኖች በየቤታችን አሉ። እነዚህም ሰውነታቸው ሞላ ያለ እናቶች፣ እኅቶችና ወንድሞች ናቸው። ገበያ ወጥተው የተሰፋ ያገር ልብስ ሲሞክሩ ደረቱ አልገጥም፣ እጅጌው አልገባ ይላቸዋል። ሻጩ «በእርስዎ ልክ የለም» ሲል፣ አብሮ የሄደው ዘመድ ደግሞ ቀልድ ይጨምርበታል። ከዚህ የተነሣ ሰው መሐል መቆምን አፍረው፣ ታቦት ሳይሸኙ፣ ጠበሉ ሳይረጫቸው በቤታቸው የሚቀሩ አሉ። እንግዲህ ነገሩ የልብስ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ምእመናንን ከበዓሉ በረከት የሚያስቀር ጉዳይ ሆኗል ማለት ነው።

ቅዱሳት መጻሕፍት ምን ያስተምሩናል?

የነቢዩ ሳሙኤል እናት ሐና ልጇን ለቤተ መቅደስ ከሰጠች በኋላ በየዓመቱ መደረቢያ እየሠራች ትወስድለት እንደ ነበር ተጽፏል (1ኛ ሳሙ. 2፥19)። በየዓመቱ መሆኑን ልብ ይሏል። ብላቴናው አድጓልና ያምናው መደረቢያ ለዘንድሮ አይበቃም፤ እናትም ልጄ ለምን ከልብሱ በለጠ ብላ አልተቈጣችም፤ አዲስ ሠራችለት እንጂ።

ዳዊትም ጎልያድን ሊገጥም በተነሣ ጊዜ ሳኦል የራሱን የጦር ልብስ አለበሰው (1ኛ ሳሙ. 17፥38-39)። ሳኦል ግን ከሕዝቡ ሁሉ በቁመት ይበልጥ የነበረ ሰው ነው። ዳዊት ለመራመድ ሞክሮ አልሆነለትም፤ ስለዚህ አወለቀው። የማይሆነውን ልብስ በማውለቁ የተዋረደ አልነበረም፤ ድሉም በዚያ ልብስ አልተገኘም። ከሁለቱም ታሪክ የምንረዳው ልብስ ለሰው እንደ ተሠራ እንጂ ሰው ለልብስ እንዳልተፈጠረ ነው።

የቀደሙት እናቶች ጥበብ

የቀድሞው የአገራችን ቀሚስ ሰፊ ሆኖ ይሰፋና ወገቡ ላይ በመቀነት ይታሰር ነበር። አንዲት እናት ብትከሳም ብትወፍርም፣ ብትፀንስም ብትወልድም ያንኑ ቀሚስ ትለብሳለች፤ የሚጠብቀውና የሚላላው መቀነቱ ነው። ነጠላና ጋቢም ለቀጭንና ለወፍራም ብለው አይለዩም። ካህናት በበዓል የሚደርቡት ካባም ከትከሻ ወርዶ ለሁሉም ይሆናል። ጭንቀቱ የመጣው ወገብ ይዞ የሚሰፋው ቀሚስ ከተለመደና ብዙ ሰው አስቀድሞ በተወሰነ ልክ የተሰፋውን መግዛት ከጀመረ ወዲህ ነው።

በልክ ለማሰፋት

መፍትሔው ከእጃችን የራቀ አይደለም። በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ መነሻቸው ከጋሞ ደጋ የሆነ ሸማኔዎች ዛሬም በእጅ ይሸምናሉ። የሸማ መለኪያው ከጥንት ጀምሮ ክንድ ነው፤ ይህም መለኪያው ራሱ ከሰው አካል የተወሰደ መሆኑን ያስታውሰናል። የእጅ ሸማ ወርዱ ጠባብ ስለሆነ ሰፊ ልብስ የሚገኘው ሸማውን አጋጥሞ በመስፋት ነው። ስለዚህ ሰውነቱ ሞላ ያለ ሰው ሲያዝዝ ጥቂት ክንድ ማስጨመር ይገባዋል፤ ኋላ ጨርቅ ቢያንስ ያንኑ ጥለት በዚያው ቀለም ማግኘት ያስቸግራልና። ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ስለሚሰበሰብም ሸማው ከመቆረጡ በፊት ውኃ ቢነካ መልካም ነው።

ልኬት ሲወሰድ ደረት፣ ወገብና ዳሌ ብቻ አይበቃም፤ የክንድ ወፍራሙ ክፍል፣ ብብትና አንገትም ይለኩ። ተለኪዋም እጇን ወደ ላይ አንሥታ፣ ቁጭ ብላና ጎንበስ ብላ ትታይ። በበዓሉ ቀን ይጨበጨባል፣ ይሰገዳል፣ ረጅም መንገድ በእግር ይኬዳልና ቆሞ ብቻ የተለካ ልብስ ያን ጊዜ ይተረተራል። ብብት ሥር ትንሽ ቁራጭ ማስገባትና በጎንና በጎን ትርፍ ስፌት ማስቀረት ልብሱን ለብዙ ዓመት ያቆየዋል። ለወንዶችም ቢሆን እጀ ጠባብ ስሙ እንደሚያመለክተው ጠባብ ነውና እጅጌውን ሰፋ ማስደረግ ነውር የለበትም። ይህ ሁሉ ጊዜ ስለሚፈልግ ትእዛዙ በኅዳር ቢሰጥ ይመረጣል፤ በበዓሉ ዋዜማ ሸማኔውም ሰፊውም ፋታ የላቸውም።

ለሰንበት ትምህርት ቤቶችና ለማኅበራት

አንድ ዓይነት ልብስ የሚያሰፉ መዘምራንና ማኅበራት ኃላፊነት አለባቸው። ጨርቁና ቀለሙ አንድ ይሁን፤ ልኩ ግን የየአባሉ ይሁን። ልኬቱም በጉባኤ ፊት ሳይሆን ለብቻ ይወሰድ። ብዙ ጨርቅ የሚፈልግ አባል ቢኖር ልዩነቱን ማኅበሩ በጋራ ቢችለው ፍቅር ነው። በልብሱ ማነስ ምክንያት አንድ ዘማሪ ከሰልፉ ቢቀር የቀረው ልብሱ ሳይሆን ዝማሬው ነው።

በመጨረሻም ሁለት ነገር እናሳስባለን። ከኅዳር 15 ጀምሮ የሚጾመው ጾመ ነቢያት የጌታችንን ልደት በተስፋ የምንጠብቅበት እንጂ ቀሚስ እንዲገባልን የምንከሳበት አይደለም፤ ስለ ውፍረት የጤና ሥጋት ያለው ሐኪም ያማክር። ሁለተኛው የአንደበት ነገር ነው። ልብስ የምትለካ እኅታችንን «ወፍረሽ የለም እንዴ!» ከማለት «ያምርብሻል፤ እዚህ ጋ ትንሽ ይጨመርበት» ማለት ይሻላል። ጌታችን በዮርዳኖስ የተጠመቀው ለሰው ልጆች ሁሉ ነው። ወደ ጥምቀተ ባሕሩ የሚወስደው መንገድም ለሁሉም ይበቃል።

መልካም የጥምቀት በዓል ይሁንልን!