ባስኮች የራሳቸውን አስተዳደር እንዴት መልሰው አገኙ?

በዛሬው ዝግጅታችን ስለ ባስክ ሕዝብ እናወጋችኋለን። ባስኮች የሚኖሩት በሰሜን ስፔንና በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ነው፤ የዛሬው ወሬያችን በስፔን በኩል ስላሉት ነው። ኤውስኬራ የሚባለው ቋንቋቸው ከስፓኒሽም ሆነ ከፈረንሳይኛ ጋር ዝምድና የለውም። ሊቃውንት እስከ ዛሬ ዘመድ አላገኙለትም።

በጥንት ጊዜ የቢስካያ ገዢዎች ገርኒካ በምትባል ከተማ ካለ የአድባር ዛፍ ሥር ቆመው የአገሩን ሕግ እንደሚያከብሩ ይምሉ ነበር። (ዓመቶቹን የምንነግራችሁ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት በተጀመረበት በ1936 ሆሴ አንቶኒዮ አጊሬ የመጀመሪያው የባስክ መንግሥት መሪ ሆኖ የማለውም እዚያው ነው። ስድስት ወር ያህል ቆይቶ፣ ሚያዝያ 26 ቀን 1937 ጄኔራል ፍራንኮን የሚረዱ የጀርመንና የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ገርኒካን በቦምብ አቃጠሏት። ዛፉ ግን ተረፈ።

ፍራንኮ ሲያሸንፍ ያደረገውን በቤተሰብ ዓይን ተመልከቱት። በትምህርት ቤትና በመሥሪያ ቤት ኤውስኬራ ተከለከለ። አባት ለልጁ የባስክ ስም አውጥቶ ማስመዝገብ አይችልም ነበር። በቋንቋው ሲናገር የተገኘ ተማሪ ይቀጣል። አንዳንድ እናቶችና አስተማሪዎች ልጆቹን በየቤቱ በድብቅ አስተማሩ። በ1959 ደግሞ ኤታ የሚባለው ድርጅት ተቋቋመ፤ ኋላም መሣሪያ አንስቶ መግደል ጀመረ።

ፍራንኮ ኅዳር 20 ቀን 1975 ሞተ። አንባገነን ሲሞት ሁሉም ነገር በአንድ ሌሊት የሚለወጥ ይመስለናል። በስፔን እንዲህ አልሆነም። ንጉሥ ሁዋን ካርሎስ በ1976 አዶልፎ ስዋሬዝን ጠቅላይ ሚኒስትር አድርገው ሾሙ። ስዋሬዝ አሮጌውን ሕግ በጉልበት አላፈረሰም፤ የፍራንኮ ምክር ቤት ራሱ ድምፅ ሰጥቶ ቦታውን እንዲለቅ አደረገ። በሰኔ 1977 ነጻ ምርጫ ተደረገ። በጥቅምት የምሕረት ሕግ ወጣና የፖለቲካ እስረኞች ተፈቱ። ነገር ግን ያው ሕግ እስረኛ ሲያሠቃዩ የነበሩትንም ከፍርድ አዳነ። ለሰላም ሲባል የተከፈለ ዋጋ ነው ይባላል፤ ከፋዮቹ ግን የተጎዱት ቤተሰቦች ናቸው፣ ማንም አልጠየቃቸውም።

አዲሱ ሕገ መንግሥት በታኅሣሥ 1978 ለሕዝብ ሲቀርብ፣ ከባስክ መራጮች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ወጥተው ድምፅ አልሰጡም። ስዋሬዝ በዚህ አልተቆጣም። በ1979 ከባስኩ መሪ ከካርሎስ ጋራይኮኤትኼያ ጋር ተቀምጦ ተደራደረ፤ የራስ አስተዳደሩ ሕግም በገርኒካ ስም ተጠራ። በጥቅምት 25 ቀን በተደረገው ምርጫ ድምፅ ከሰጡት አሥር ሰዎች ዘጠኙ ያህል «እሺ» አሉ። በስደት የነበረው የባስክ መንግሥት መሪ ሌይሳኦላ ከ40 ዓመት በላይ ከአገሩ ርቆ ቆይቶ በዚያው ታኅሣሥ ወር ተመለሰ።

ከሕጉ ውስጥ ሁለት ነገሮች ልብ በሉ። አንደኛው ግብር ነው። በአብዛኛው የስፔን ክፍል ዋናውን ግብር የሚሰበስበው የማድሪድ መንግሥት ነው፤ ኋላ ለየክፍለ ሀገሩ ያካፍላል። በባስክ ግን ሦስቱ አውራጃዎች ራሳቸው ይሰበስቡና፣ ማድሪድ ለሚሠራላቸው ሥራ፣ ለጦር ሠራዊቱና ለውጭ ጉዳዩ፣ ድርሻቸውን ይከፍላሉ። ደመወዙን ሁሉ ለአባቱ አስረክቦ የኪስ ገንዘብ የሚጠይቅ ልጅ አለ፤ ደመወዙን ይዞ የቤት ኪራይ ድርሻውን የሚከፍል ልጅም አለ። ባስኮች እንደ ሁለተኛው ናቸው። ድርሻቸው አነሰ ብለው የሚያጉረመርሙ ሌሎች ክፍለ ሀገሮች አሉ፤ ክርክሩም አላለቀም።

ሁለተኛው «ባስክ ማን ነው?» የሚለው ነው። በፍራንኮ ዘመን ከደቡብና ከምዕራብ ስፔን ብዙ ድሆች በቢልባኦ አካባቢ ፋብሪካዎች ሥራ ፍለጋ መጥተዋል። ኤውስኬራ አያውቁም። ሕጉ የዘር ሐረግ አልቆጠረባቸውም፤ በባስክ ከተማ ወይም መንደር ነዋሪ ሆኖ የተመዘገበ የስፔን ዜጋ ሁሉ እንደ ባስክ ይቆጠራል ይላል። ወላጆች የልጃቸውን የትምህርት ቋንቋ ይመርጣሉ፤ ዛሬ አብዛኞቹ ኤውስኬራን መርጠዋል። ለአዋቂዎችም እንደ ኡልፓን ያለ ትምህርት ቤት አለ። አያትየው ስፓኒሽ ብቻ፣ የልጅ ልጁ ሁለቱንም የሚናገርበት ቤት ብዙ ነው።

ራስን ማስተዳደር ግን ደሙን ወዲያው አላቆመውም። ኤታ ከ800 በላይ ሰዎች ገድሏል፤ አብዛኞቹን የገደለው ፍራንኮ ከሞተ በኋላ ነው። በመንግሥት ባለሥልጣኖች የተደገፈ ስውር ቡድንም በ1980ዎቹ በኩሉ ገድሏል። ኤታ መሣሪያውን እንደሚተው ያስታወቀው በ2011 ነው፤ በ2018 ፈረሰ።

በሕጉ የተጻፈው ሥልጣንም ቢሆን የተሰጠው ቀስ በቀስ ነው። ፖሊሱና የቴሌቪዥን ጣቢያው በ1982 ሥራ ጀመሩ። የወህኒ ቤቶቹን አስተዳደር ማድሪድ ያስረከበው ግን በ2021 ነው፤ ሕጉ ከወጣ ከ40 ዓመት በላይ አልፎ።